ጫልቱ ያነሣችው እጅ

ጫልቱ መሞቷን የነገረችኝ ዳቦ የምትሸጥልኝ ባለሱቅ ናት። «ያቺ የምታነክሰዋ ጓደኛሽ ዐረፈች አሉ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። ጓደኛዬ አልነበረችም ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በጠዋት ከባለሱቅ ጋር የሚወራ ወሬ አይደለም። ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቀብሯ ላይ ተገኝቻለሁ። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያነሣ የሰዉን ጃንጥላ ይገለብጣል። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ የሕይወት ታሪኳን ከወረቀት ላይ አነበቡ። ሁሩታ ተወለደች፣ ናዝሬት አገባች፣ ይህን ያህል ልጅ ወለደች። እኔ የማውቃት ሴት መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ፣ ወደ መጨረሻው ላይ እንዲህ አሉ፦ «በደርግ ዘመን ብዙዎች ለመፈክር እጃችንን አናነሣም ብለው ሲታሰሩ፣ እኅታችን በሥራ ቦታዋ አንድ ቀን ደክማ እጇን አንሥታ ነበር። በዚያችው ደቂቃም በእግሯ ላይ አደጋ ደረሰባት። ጌታ ግን በምሕረቱ መልሶ አቆማት።»

ሰዉ «አሜን» አለ። እኔ አላልኩም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሴት ልጇ ሊዲያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አፍንጫዋ የእናቷ ነው።

«እትዬ ታደለች፣ እርስዎ በዚያን ቀን እዚያ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እማዬ እውነት ለመፈክር እጇን አንሥታ ነበር? እኛ ስንጠይቃት ዝም ነው የምትለው። አባቴ እንኳ ሳትነግረው ነው የሞተው። ሰው ነገሩን ሲያነሣባት አንገቷን ትደፋ ነበር።»

«ልጄ፣ ብዙ ዘመን ሆነው» አልኳት። «እኔም ረስቼዋለሁ።»

አልረሳሁም። ዛሬ ጠዋት የበላሁትን ልረሳ እችላለሁ፤ ያንን ግን አልረሳም። ይህን የምጽፈውም ለሊዲያ ያልመለስኩትን ለመመለስ ነው። በመንገዴ ላይ ግን ስለ እናቷ ያለኝን ሁሉ እናገራለሁ፤ ሰው ሞተ ተብሎ እንደሚደረገው ማር አልቀባትም። ጫልቱ ትበልጠኝ ነበር። ስሟ ራሱ በኦሮምኛ «የምትበልጥ» ማለት ነው፤ አባቷ ሲሰይሟት እኔን ያወቁኝ ይመስል። ስቀናባት ኖሬያለሁ።

የምንሠራው ናዝሬት ውስጥ በነበረ የመንግሥት ጋራዥ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከሴት የመጀመሪያዋ ሆኜ ከሞተር ጋር የሚያያዝ ሥራ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ጫልቱ የሠራተኛውን ቱታ የምታጥብ ነበረች። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ከምሥራቅ ጀርመን መኪና መጣልን። ከኋላው ፓምፕ ተገጥሞለታል። ፓምፑ የራሱ ሞተር የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመኪናው ነው። ሾፌራችን ጋሽ ከማል መኪናውን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አንዲት ትንሽ ማርሽ ሲያስገባ መኪናውን የሚነዳው ጉልበት ወደ ፓምፑ ይዞራል። ከፓምፑ ወፍራም የላስቲክ ቱቦ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው የብረት ዘንግ አለ፤ አፈሙዝ እንለው ነበር። ከአፈሙዙ የሚወጣው ውሃ በፋብሪካ ቧንቧ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጋገረውን ዝገትና የጨው ቅርፊት ያራግፋል። መኪናውን ሠራተኛው ሁሉ «መድፉ» ይለው ነበር።

ሊያሠለጥነን አብሮት የመጣው ፈረንጅ የመጀመሪያው ቀን ከመቂ የመጣ አንድ ትልቅ ፓፓያ በርሜል ላይ አስቀመጠ። ሁላችንንም ወደ ኋላ አድርጎ፣ በአፈሙዙ ለቅጽበት ነካው። ፓፓያው አልፈነዳም። ልጣጩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ብቻ ታየ።

«መድፍ የተባለው ይሄ ነው እንዴ? የኔ ሽንት ይሻላል!» አለ ከብየዳ ክፍል አንዱ፤ ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ።

ጫልቱ ቱታ የሞላበትን ሳፋ መሬት አስቀምጣ፣ ማንም ሳይጠራት መጣች። ፓፓያውን አንሥታ በመዳፏ መዘነችው። ከዚያ ቢላ ተቀብላ ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ፍሬ አልነበረውም። ሾርባ ሆኖ በክንዷ ላይ ፈሰሰ። ሳቁ ቆመ። እሷ ያንን ሾርባ እያየች «ይሄ ሰው ቢሆንስ?» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምትናገር መስላ።

ፈረንጁ በጣቱ አመለከታት። አስተርጓሚው «አፈሙዙን ይህች ሴት ትያዝ ይላል» አለ።

«እሷ እኮ አጣቢ ናት!» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

ጫልቱ ዞር ብላ አየችኝ። «እንግዲህ ከሁላችሁም ከውሃ ጋር የቆየሁት እኔ ነኛ» አለች። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ግን በእኔ ነው የሳቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ወንድ ሲጎርር «ወንድሜ፣ ፓፓያ ነህ» ትለው ጀመር። አባባሏ በጋራዡ ሁሉ ተዛመተ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ በስብሰባ ላይ «ጓዶች፣ ሁላችንም ፓፓያ ነን» ብለው ያውቃሉ።

ለእኔ ፓምፑ ደረሰኝ። ከመኪናው ጎን ቆሜ ግፊቱን ከፍና ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሲያስፈልግ አንድ መዘውር ስቤ ውሃውን ወደ መሬት አፈሳለሁ። ያን ጊዜ አፈሙዙ ይደርቃል። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ጫልቱ ወደ እኔ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«ታዱ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ብጠራሽ አትሰሚኝም። ዓይንሽን ከእኔ ላይ አታንሺ። ቃታው እምቢ ብሎኝ፣ ወይ ሌላ ነገር ገጥሞኝ ቀኝ እጄን ጨብጬ ከራሴ በላይ ካነሣሁ፣ አትጠይቂ፣ አታስቢ። ዝጊ።»

«ግራሽን ብታነሺስ?» አልኳት ለነገር።

«ግራዬ አፈሙዙን ይዟል። ግራዬን ያነሣሁ ቀን አብጃለሁ ማለት ነው።»

ሰው የሚቀናበትን ሰው ላለማየት መንገድ ይቀይራል። የእኔ ሥራ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እሷን ማየት ሆነ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነበር። አፈሙዙን ከመያዟ በፊት መሬቱን በሁለት እግሯ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ስትፈትሽ አያለሁ። ፊቷን በእጇ ሳይሆን በትከሻዋ ስትጠርግ አያለሁ። ከሄልሜቷ ሥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጴንጤ ስለነበረች መዝሙር እየዘመረች መሆኑን አውቃለሁ፤ ድምፁ ግን በሞተሩ ተውጦ አይሰማም። ውሃው ሲወጣ ሰውነቷ እንዴት እንደሚቀበለው አያለሁ። ወንዶቹ ሞክረውት ሲወዛወዙ፣ እሷ ወደ ፊት ትንሽ ተደግፋበት፣ ከሚያውቃት ሰው ጋር የምትነጋገር መስላ ትቆማለች። ሰባት ዓመት እንዲህ አየኋት። ባሏ እንኳ ያን ያህል አላያትም።

ስለ ባሏም ልናገር። አስተማሪ ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት በብስክሌት ምሳ ዕቃ ይዞላት ይመጣል፤ ባል ለሚስቱ! እኔ ከባሌ ተፋትቼ ብቻዬን የምኖር ነበርኩ። ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ «ታዱ፣ ነይ ብዪ» ትለኛለች። «ጾም ላይ ነኝ» እላታለሁ። የዓመቱን ቀን ሁሉ ስጾም ኖርኩ ማለት ነው።

ሥራ ላይ ክፉ ነበረች። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ሁሉ ላይ አጭር ሰንሰለት ታስራለች፤ መጋጠሚያው ቢላቀቅ ቱቦው እንደ እባብ ተወራጭቶ ሰው እንዳይመታ ነው። ዙሪያውን በኖራ መስመር ታሰምራለች፤ ከመስመሩ የገባ ሰው ካለ ቃታውን አትነካም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቃ፣ ቃታውን ስባ፣ በቱቦው ውስጥ ታምቆ የቀረው ጠብታ ሆኖ እስኪያልቅ ትይዘዋለች። ያ እስኪሆን ቱቦውን የሚነካ የለም። ጋሽ ከማል ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «ውሃው ሞቷል?» ይላል፤ እሷ «ሞቷል» ስትል ብቻ ነው ዕቃ የምንፈታው። «ሞተር ጠፋ ማለት ውሃው ሞተ ማለት አይደለም» ትለን ነበር፤ ለአዲስ ሠራተኛ አሥር ጊዜ፣ ለእኔ ደግሞ ሃያ ጊዜ፣ ያውም ሰው ፊት።

አንድ ጊዜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ መጋጠሚያ ሰንሰለት ጠፋ። የፋብሪካው ኃላፊ ምርት ቆሞበታል፣ ይጮኻል። እሷ በርሜል ላይ ተቀመጠች። «ጓድ፣ ውሃው ይቸኩላል፤ እኔ አልቸኩልም» አለችው። የሥራ ኃላፊያችን ካቦ ደምሴ ሲለምናት አፍሬ ነበር። ሰንሰለቱ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ተቀምጠን ቆየን። ማታ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ ስለ እሷ ነበር የሚያወሩት። በፊት ካቦ ደምሴ ስለ ማሽን የሚጠይቀው እኔን ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ካርዷ ነበር። ከካርቶን ቆርጣ፣ በራሷ እጅ ጽፋ፣ ሁላችንም በደረት ኪሳችን እንድንይዘው አደረገች። «የመታኝ ግፊት ያለው ውሃ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው ብላችሁ በፕላስተር አትመልሱኝ። ውስጡ ተጎድቷል። ክፈቱና እዩ» ይላል። እኔ «የጫልቱ ክታብ» አልኩት። ጋሽ ከማልም «የእኔ ከወሎ ነው የመጣ፤ የጫልቱው ከጀርመን» እያለ ያስቅ ነበር። ግን ያዘው። እኔ የእኔን ቤት ጣልኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በዚያ ዘመን ስብሰባ በመፈክር ይጀመራል፣ በመፈክር ያልቃል። ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣል። የጫልቱ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ፣ ሰዎቿ በየቤቱ ተደብቀው የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። እጅ አናነሣም እያሉ የታሰሩ ነበሩ። ጫልቱ ሰኞ ሰኞ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጥና ሄልሜቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ትይዘዋለች። እጅ ሲነሣ የእሷ ሁለት እጅ ሄልሜቱ ላይ ነው።

ካቦ ደምሴ አንድ ቀን ወደ ጥግ ወስዶ ሲለምናት ሰማሁ። «ጫልቱ፣ ቢያንስ ግማሽ አንሺ። አታስበዪኝ።»

«ካቦ፣ ግማሽ እጅ የለኝም» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ታስሮ ነበር። እሷን ግን አፈሙዙን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ እንዳላዩ አለፏት። ይህም አናደደኝ። እኔ እጄን በየሰኞው አነሣለሁ፤ ማንም አላየልኝም።

ዓለም ጤና አጠገብ ወደነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ የሄድነው በሽንኩርት ወቅት ነበር። ወደ ማሳው ውሃ የሚስቡት ቧንቧዎች ተደፍነው የሽንኩርቱ ቅጠል ይጠወልግ ጀምሯል። ሥራ ከጀመርን በኋላ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች መጡ። ባነር ተሰቀለ፤ ፎቶ አንሺ መጣ፤ የእርሻው ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ። ፎቶ አንሺው እኔን በክንዱ ገፋ አድርጎ «እኅቴ፣ ትንሽ ዞር በይልኝ፤ ያቺን ጀግና ላንሣት» አለኝ። ጀግናዋ ከኖራው መስመር ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ፀሐዩ ከውሃው ጭጋግ ቀስተ ደመና ሠርቶላት ቆማለች። ያንን ቀስተ ደመና መቼም አልረሳውም። እኔ በዘይት የቆሸሸ መዘውር ይዤ ነበር።

ከጎብኚዎቹ አንዱ መፈክር አስጀመረ። የሰዉ እጅ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ሜዳው ጭብጥ ብቻ ሆነ። በዚያው ቅጽበት የጫልቱም እጅ ከራሷ በላይ ተነሣ።

ካቦ ደምሴ ከጎኔ ሆኖ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ «አነሣች! ታደለች፣ አየሻት? ጫልቱ አነሣች!» ጎብኚዎቹ አጨበጨቡላት። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ። እጇ አልወረደም። ሌላው ሰው እጁን አውርዶ የእሷ ብቻ እንደተነሣ ቀረ፤ ሰዉ ጭብጨባውን ጨመረ። በአንድ ክንድ ብቻ የተያዘው አፈሙዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ተንሸራተተና ውሃው በቦቲ ጫማዋ ላይ ለቅጽበት አለፈ። መዘውሩን የሳብኩት ያን ጊዜ ነው።

አልጮኸችም። ተቀመጠች። ቦቲው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ብቻ ነበር። ወደ እርሻው ክሊኒክ ስንወስዳት፣ ጋቢናው ውስጥ በጋሽ ከማልና በእኔ መካከል ተቀምጣ፣ ላቧ እየወረደ «ታዱ፣ እኔም ፓፓያ ሆንኩ» አለችኝ፤ ለመሳቅ ሞከረች። ከዚያ ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ቃታው ተጣብቆብኝ ነበር። አየሽኝ አይደል?»

«አላየሁሽም» አልኳት። «እጅ በዝቶ ነበር።»

መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል እንኳ አላቃሰተችም።

«እሺ» አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ድሬሰር ጫማዋን አውልቆ አየና «እቺ ናት እንዴ? እሾህ የወጋሽ ነው የሚመስለው» ብሎ ፕላስተር ቆረጠ። ጫልቱ ካርዷን ከደረት ኪሷ አውጥታ ሰጠችው። አንብቦ ፈገግ አለ። እንደገና አነበበና ፈገግታው ጠፋ። ፕላስተሩን አስቀምጦ «አሁኑኑ ናዝሬት ውሰዷት» አለን። ናዝሬት ሐኪሙ እግሯን ሲከፍተው ውስጡ ፓፓያ ነበር። ሁለት ጣቷን ቆረጡ። በፕላስተር ተመልሳ ብታድር ኖሮ እግሯን በሙሉ ታጣ እንደነበር ሐኪሙ ለባሏ ሲነግረው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ያን ቀን ማታ የጣልኩትን ካርዴን ከሣጥን ሥር ፈልጌ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በእንግዶች ፊት፣ በመንግሥት ማሽን፣ አደጋ! ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ገና ከመጀመሩ «አሻጥር» የሚለውን ቃል አነሣ። በዚያ ዘመን ያ ቃል የተጠራበት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ።

«ጓድ ታደለች፣ የማቆሚያ ምልክት አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ስላልተሰጠ ነው ወይስ ስላላየሽ?»

ዓይኔን ወደ በሩ አዞርኩ። ጫልቱን አስገቧት። በክራንች ነበር የመጣችው። ሄልሜቷ አልነበረም፤ እጆቿ የሚይዙት ያጡ መሰሉኝ።

«ምልክት ሰጥተሻል?» አሏት። «ሰጥተሽ ከሆነ፣ ይህች ሴት ሆን ብላ ነው ያልዘጋችው።»

ጫልቱ አታውቅም እንጂ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት ሕይወቴን በሙሉ በእጇ ላይ አየሁት። ወይም ታውቅ ነበር። ሰው ሁሉ ጴንጤ አይዋሽም የሚላት፣ ለግማሽ እጅ እንኳ እምቢ ያለችው ሴት መሬት መሬት እያየች እንዲህ አለች፦

«ምልክት አልሰጠሁም። እጄን ያነሣሁት ለመፈክሩ ነው።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ይህ ደግሞ ጥፋት ነው ልንል አንችልም» ብሎ ጻፈ። ካቦ ደምሴ አንገቱን ደፋ። የትኛውን እጅሽን ነው ያነሣሽው ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ፎቶውን እንኳ አይተውት ቢሆን ያውቁ ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ የነቃች ሠራተኛ ተብላ በስብሰባ ተጨበጨበላት። ወሬው በየቤቱ ተደብቀው ወደሚሰበሰቡት ወገኖቿም ደረሰ። ለረጅም ጊዜ አልጠሯትም። ባሏ ምሳ ማምጣቱን አላቆመም፤ ግን ጥላው ሥር እንደ በፊቱ አይነጋገሩም ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ማየት ሥራዬ ነበርና።

በሁለት ጣት ጎዶሎ እግር ከውሃው ፊት መቆም አይቻልም። አፈሙዙ ለእኔ ተሰጠኝ። የተመኘሁት ደረሰኝ። ፓምፑ ላይ ማን ይሁን ሲባል «እኔ እሆናለሁ» አለች።

አሁን እሷ ታየኝ ጀመር። ደርግ እስኪወድቅና ጋራዡ እስኪበተን አየችኝ። ላብ ቢወርድባት፣ ሰው ቢጠራት፣ ባሏ በብስክሌት ቢመጣ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። አንድ ጊዜ እግሬ አንሸራትቶኝ ቀኝ እጄ ገና ጆሮዬ ጋ ሳይደርስ ውሃው ደርቆ አገኘሁት። ጋሽ ከማል አንገቱን አውጥቶ «ውሃው ሞቷል?» አለ።

መድፉ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራ ቀን ቱቦውን አብረን ስንጠቀልል ጠየቅኋት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አሻጥር ቢሉሽ ኖሮ አትመለሺም ነበር» አለች። «እኔ በሁለት ጣት ተመለስኩ።» ቱቦውን መጠቅለሏን አላቆመችም። «በቃ፣ ውሃው ሞቷል፣ ታዱ።»

ተናደድኩባት። በይቅርታ እንኳ በለጠችኝ። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ፣ ለባሏ ብትነግርብኝ እኩል እንሆን ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ከተማ ስንኖር ከሩቅ ስታየኝ እያነከሰች መንገድ ተሻግራ «አካም ቡልቴ፣ ታዱ?» ትለኛለች። «ደኅና» ብዬ አልፋታለሁ። ከኋላ እርምጃዋ ይሰማኛል፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል።

ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ ለጫልቱም የነገርኳት፣ እጅ በዝቶ ነበር የሚለውን ነው። ካቦ ደምሴ በእጆቹ ብዛት ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ጎብኚዎቹም። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሌላ ነገር አላየሁም። ሜዳው ላይ የተነሣው እጅ ሁሉ ግራ ነበር። ከመካከሉ አንድ ቀኝ እጅ ነበር፤ ጭብጥ፣ ከራስ በላይ፣ ፊቷም ወደ እንግዶቹ ሳይሆን ወደ እኔ። አይቻታለሁ። መዘውሩ መዳፌ ውስጥ ነበር። ከዚያ አምስት ትንፋሽ ያህል ጠበቅሁ። በልቤ ያልኩትም ይህ ነው፦ ትንሽ ትቁም፤ ያለ እኔ ምን እንደሆነች ትየው። እግሯን አላሰብኩም። አፈሙዙ ይንሸራተታል ብዬ አላሰብኩም። ግን አይቻታለሁ።

ውሃው አልሞተም ነበር፣ ጫልቱ። ሞተሩ ጠፋ ማለት ውሃው ሞተ ማለት አይደለም ብለሽ ሃያ ጊዜ ሰው ፊት የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም? በእኔ በኩል ቃታውን የሳበ ሰው አልነበረም።

ሊዲያ ልጄ፣ ይህን ወረቀት በእጄ አመጣልሻለሁ፤ በሰው አልክም። አንብበሽ ስትጨርሺ ለሽማግሌው ውሰጂላቸው፤ የእናትሽን የሕይወት ታሪክ ባነበቡበት ቦታ፣ ሰዉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። የእኔንም ስም አይዝለሉት። እኔም መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ድንኳን ውስጥ የጠየቅሽኝን አሁን እመልስልሻለሁ፤ እናትሽ ለማንም መፈክር እጇን አላነሣችም። ያነሣችው ቀኝ እጇን ነው። ያነሣችውም ለእኔ ነበር።